ለከርሞ ነይ ያልኳት ልጅ

ስለ ራሴ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ይህን የምጽፈው የጎረቤቴ ልጅ በቅርቡ አስተማሪ ሆና ተቀጥራ፣ «እትዬ አስካለ፣ በእናንተ ዘመን አካል ጉዳተኛ ተማሪ እንዴት ነበር የምትቀበሉት?» ብላ ስለ ጠየቀችኝ ነው። «እንደ ማንኛውም ልጅ» ብዬ መለስኩላት። እሷ ከሄደች በኋላ መልሴ ከነከነኝ። እውነት አልነበረም። እውነቱን ለእናንተ ልጻፈው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ የሰባዎቹ አጋማሽ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ፣ ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ሰኞ እስክመለስ ከሰው ጋር አንድ ቃል የማልለዋወጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምጄዋለሁ እል ነበር።

በሥራዬ የሚታማብኝ ነገር አልነበረም። መዝገቤ ንጹሕ ነው፣ የእጅ ጽሑፌ ይነበባል፣ የተባልኩትን እፈጽማለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራት አይደለም። የሚቀጥለው ነገር የደረሰው በዚሁ ጠባዬ ምክንያት ስለ ሆነ ነው።

በዚያን ጊዜ የልደት ማስረጃ ያለው ልጅ ጥቂት ነበር። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ዕድሜው መድረሱ የሚታወቀው በእጁ ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ «ለከርሞ» ተብሎ ይመለሳል። ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ ታውቁታላችሁ፤ እናንተም የገባችሁት በዚያው በር ነው።

የምዝገባው ሳምንት የነሐሴ መጨረሻ ነበር። ከረቡዕ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ሦስት ቀን ብቻ ነው የተሰጠን። ወላጆች ከውጭ፣ ከበሩ ማዶ ይቆማሉ። ዓምና ገብተው የልጆቻቸውን እጅ እየጎተቱ ጆሮ ሲያስነኩ ስላስቸገሩን ዳይሬክተሩ ከልክሏቸዋል። ልጆቹ አንድ በአንድ በረንዳው ላይ ወዳለው ጠረጴዛዬ ይመጣሉ፤ የጭቃው ዱካ ከበሩ እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ መንገድ ሠርቷል። ትምህርት ቤቱ አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ዝቅ የሚሉበት መስመር ላይ ስለ ሆነ፣ አንዱ ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ንግግራችንን ቆርጠን እንጠብቃለን።

ረቡዕ ጠዋት አንዱ ልጅ ጆሮውን ወደ ትከሻው አዘንብሎ ጣቱን ሊያደርስ ይታገላል።

«አንገትህን ቀና አድርግ» አልኩት።

«ቀና ካልኩ አይደርስማ!»

«ስለዚህ ለከርሞ ና።»

እናቱ በበሩ ፍርግርግ በኩል ሆና ጮኸች። «ኧረ እህቴ፣ እጁ አጥሮ አይደለም፤ የአባቱን ጭንቅላት ወርሶ ነው!» ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቀጣዩን ጠራሁ።

ቀጣይዋ አመድማ የወንድ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ነበረች። ሹራቡ ጉልበቷ ድረስ ወርዷል። ቀኝ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

«ስምሽ ማነው?»

«ጽጌ ኃይሉ።»

«በቀኝ እጅሽ፣ በራስሽ ላይ አሳልፈሽ፣ ጆሮሽን ንኪ።»

ግራ እጇን አነሳች።

«እሱ ግራ ነው። ቀኝሽን።»

እጇን አወረደች። እኔን አየችኝ፤ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፤ እንደገና እኔን አየችኝ።

«ቀኝሽ የቱ እንደ ሆነ አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አንሺዋ።»

አውሮፕላን መጣ። ድምፁ እስኪያልፍ ድረስ ፊት ለፊት ተያየን። ሲያልፍ፣ «ከሀ እስከ ፐ እችላለሁ» አለች፤ ያልጠየቅኳትን።

«ጥሩ ነው። ለከርሞ ነይ።»

«ለከርሞም እኮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ጭቃውን እየረገጠች ወደ በሩ ተመለሰች። ቀጣዩን ጠራሁ። ከእሷ በኋላ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ብዙ ልጅ አስተናገድኩ፤ አንድም ጊዜ አላሰብኳትም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ጃንጥላዬን ይዤ ስወጣ ዘበኛው ጋሽ ደምሴ በሩን እየዘጉ ነበር። ጨዋታ የሚወዱ፣ እኔ ስለማልጫወትላቸው የማይቀየሙ ሰው ናቸው።

«አስካለ፣ ያቺ ምስኪን ተሳካላት?»

«የትኛዋ?»

«ሹራቧ ከእሷ የሚበልጠው። እጇ የማይታዘዝላት።»

«የምን እጅ?»

«ቀኟ ነዋ! ልትገባ ስትል እናቷ እጇን በእጇ አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተችላት፤ እንደ ዕቃ። ‹ለማንም እንዳትናገሪ፣ እንዳያዩብሽ› ስትላት ጆሮዬ ሰማ። እኔማ አስካለ አታልፋትም ብዬ…» ፊቴን ሲያዩ ንግግራቸውን አቆሙ። «አላየሻትም እንዴ?»

«አላየሁም» አልኳቸው።

ጃንጥላዬን ዘረጋሁና ሄድኩ። ዝናብ እንዳልነበረ ያወቅኩት አስፋልቱ ጋ ስደርስ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና የመመሪያዎቹን ፋይል አወጣሁ። የምዝገባው መመሪያ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ይዤው ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚፈራቸው ሰዎች ግን ብዙ ነበሩ።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ትናንት አንዲት ልጅ በስህተት መልሻለሁ። ቀኝ እጇ አይሠራም፤ በግራዋ ልትነካ ስትል ከለከልኳት።»

«እጇ የማይሠራ ልጅ በምን ትጽፋለች?»

«በግራዋ።»

«በግራ እጅ መጻፍ የት አየሽ? አስተማሪዎቹ የጤነኛውን ግራ እንኳ እየመቱ ነው የሚያስተዉት። ደግሞ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ ታውቂያለሽ። ማን ይከታተላታል?»

«መመሪያው ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን ሁሉ ነው የሚለው። ስለ እጅ የሚል የለውም።»

መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ስለ ጆሮም የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ከየት አመጣነው ታዲያ?»

«እኔ ስቀጠር ነበረ።»

«እኔም ስቀጠር ነበረ።»

ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «ነገ ስድስት ሰዓት መዝገቡ ተዘግቶ ለአውራጃ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ ስም አይጨመርም። ከዚያ በፊት የቀበሌ የዕድሜ ማስረጃ ይዛ ከመጣች አልከለክልም። የት እንዳለች ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የመለስነውን ልጅ አድራሻ አንጽፍም። ጋሽ ደምሴ የሚያስታውሱት ሴትየዋ «ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ቦኖው አጠገብ» ማለቷን፣ የሰው ልብስ አጥባ እንደምትኖርም ነው። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስፈቅጄ ወጣሁ። የልጅቷን ስም ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ በእጄ ያዝኩ። ይህ ወረቀት ጥፋት ነበር፤ ያኔ ግን አልገባኝም።

ወረቀት ይዛ ስም እየጠራች የምትዞር ሴት በዚያ ዘመን ምን እንደምትመስል አስቡት። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ጥያቄዬን ሳልጨርስ «አላውቅም» አለኝ። ግቢ በር ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች ሳያቸው ወሬ አቆሙ፤ ስጠይቃቸው ወደ ውስጥ ገቡ። ስንት በር እንዳንኳኳሁ አላስታውስም። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው በአንድ ቀን አነጋግሬ አላውቅም፤ ያን ያህል ብቸኝነትም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቦኖው ጋ ስደርስ ባልዲና ጀሪካን ተሰልፏል። ሴቶቹ ይሳሳቃሉ።

«እንደምን ዋላችሁ። ጽጌ የምትባል ልጅ ያለቻት፣ ልብስ የምታጥብ ሴት እፈልጋለሁ። ባሏ ኃይሉ የሚባል።»

ሳቁ ቆመ።

«ከየት ነሽ?» አለች አንዷ።

«ከትምህርት ቤት።»

«የትምህርት ቤት ሰው ቤት ለቤት መዞር ጀመረ እንዴ? እኛስ ልጆቹ ናቸው ወደ እናንተ የሚሄዱት ብለን!» አለች ሌላዋ፤ ጥቂቶች አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ከሰልፉ ፈንጠር ብላ በገንዳ ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። ሳትቀና፣ የሸሚዝ አንገት እያሸች፣ «ነበረች። አገሯ ገብታለች» አለች። አነጋገሯ የሰሜን ሰው ነው። «አይልፉ፤ አያገኟትም።»

አመስግኜ ዞርኩ። ከሁለት እርምጃ በላይ አልሄድኩም፤ ከአንድ የቆርቆሮ በር አመድማ ሹራብ ወጣ። በግራ እጇ ትንሽ ባልዲ ይዛለች። ስታየኝ ቆመች።

«እማ» አለች፣ ወደ ገንዳው ሴት። «ይቺ ናት ለከርሞ ያለችኝ።»

ሴትየዋ እጇን ከሳሙናው አወጣች። ቀስ ብላ ተነሳች። ለተብርሃን ትባላለች፤ ስሟን የነገረችኝ ግን ከዚህ በኋላ ነው።

«መልሳችኋት የለም ወይ? ደግሞ ቤት ድረስ ምን አመጣዎት?»

«ስህተቱ የኔ ነው። እጇን አላየሁም።»

«እንዳያዩ ነዋ የከተትኩት! ዓምና ሌላ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ገና ሲያይዋት፣ ‹ይሄ ትምህርት ቤት እንጂ ሆስፒታል አይደለም› አሉኝ። ሕፃን ሳለች ልምሻ መታት፤ አባቷ ዘምቶ ቀረ፤ ይህን ሁሉ እየዞርኩ ለማን ልንገር? ዘንድሮ በኪስ ትግባ አልኩ። እሱንም እርስዎ…» ከዚህ በኋላ አንቱታው ቀረ። «እሺ ንገሪኝ። እጇን ብታዪስ ኖሮ ታስገቢያት ነበር?»

ሴቶቹ ሁሉ እኔን ነው የሚያዩት። ቦኖው ባልዲውን ሞልቶ ይፈስሳል፤ የዘጋው የለም። «አዎ» ማለት ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

ለተብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አላውቅም ይሻላል» አለች። «እሺ ያሉኝ ብዙ ናቸው።»

የሚያስፈልገውን ነገርኳት፤ የቀበሌ ማስረጃ፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት። እኔ ከጠረጴዛዬ መነሳት ስለማልችል ብቻዋን ነው የምትሄደው። ወረቀቱን ሰጠኋት። ተቀብላ፣ ሳታነበው፣ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ዓርብ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ልጆች እመዘግባለሁ፤ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት። በየመሀሉ ጋሽ ደምሴን አያቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አምስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ፤ ሰልፉ ተበተነ፤ በረንዳው ላይ ብቻዬን ከመዝገቡ ጋር ቀረሁ። ምናልባት ሐሳቧን ለውጣ ይሆናል አልኩ። እኔ እሷን ብሆን አልመጣም ነበር።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ዳይሬክተሩ መዝገቡን ሊወስድ መጣ።

«አልመጣችም?»

«አሥራ አምስት ደቂቃ አለ።»

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ያኔ ጋሽ ደምሴ በሩን ሲከፍቱ ሰማሁ። ለተብርሃን ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣች። እጇ ላይ ምንም የለም።

«ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው» አለች እያለከለከች። «ማኅተሙ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ከማለዳ ጀምሬ ቆምኩ። ጻፉልኝና ልሂድ ብላቸው ያለ ማኅተም ወረቀት አይሆንም አሉኝ።»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ሰምተሻል። ምን ላድርግ?»

እኔ ክርክር አልችልም። በስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ።

«መመሪያው ዕድሜው በምን ይረጋገጥ አይልም። እስከ ዛሬ ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀት ሳልጠይቅ። የእሷንም እኔ ላረጋግጥ።»

«በምን?»

ልጅቷን ጠራኋት። «ጽጌ፣ በግራ እጅሽ።»

ከእናቷ ጀርባ ወረደች። ግራ እጇን በራሷ ላይ አሳለፈች። ጣቶቿ ጆሮዋን አልፈው አንገቷ ድረስ ደረሱ። ባለፉት ሦስት ቀናት ካየኋቸው ልጆች ሁሉ እጁን እንደ እሷ ያወረደ አልነበረም።

«በግራ እኮ ነው» አለ ዳይሬክተሩ፤ ድምፁ ግን ጥርጣሬ ገብቶበታል።

«ዕድሜዋ በሁለቱም እጇ እኩል ነው።»

ከአውራጃ ቢጠይቁ ምን እንደሚል አሰበ መሰለኝ፤ ግንባሩን አሸ። ከዚያ ከኪሱ እርሳስ አወጣና ለልጅቷ ሰጣት። «ስምሽን ጻፊ።» ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገራት፤ በክርኗ ተጫነችውና ጻፈች። አየው። «የጌን ቀለበት አጥብቂው» አላት፤ እንደ አስተማሪ። ወደ እኔም፣ «የሚጠየቅ ከመጣ አንቺ ነሽ» አለኝ።

«እፈርማለሁ።»

ስሟን በመጨረሻው ረድፍ ጻፍኩ፤ ከጎኑም «ዕድሜዋን ያረጋገጥኩ» ብዬ ስሜን ከነአባቴ አስቀምጬ ፈረምኩ። በዚያን ዘመን ሰው በፊርማው ይፈለግ ነበር። ጽሑፌ እንደ ወትሮው ይነበባል። ለተብርሃን አላመሰገነችኝም፤ የሚያስመሰግንም አልነበረም። «ትምህርት የሚጀመረው መቼ ነው?» ብቻ አለች።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የአንደኛ ክፍሏ አስተማሪ ተቆጣች፤ ልጅቷ ስትጽፍ ክርኗ ጎረቤቷን ይገፋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ክፍል ገብታ ስለ አቀማመጥ መናገር አይገባትም ነበር። ገባሁ። ከዴስኩ በግራ ጫፍ እንድትቀመጥ ለመንኩ፤ ደብተሯ እንዳይንሸራተት ደግሞ ከቢሮዬ ሁለት የወረቀት መቆንጠጫ ሰጠኋት። ያ ብቻ ነበር የጎደለው፤ የዴስክ ጫፍና ሁለት መቆንጠጫ። አራተኛ ክፍል ስትጨርስ ቤተሰቡ ሰፈር ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የት እንደ ደረሰች አላውቅም።

ዛሬ ሕግ እንዳለ የጎረቤቴ ልጅ ነግራኛለች፤ አካል ጉዳተኛ ልጅን መመለስ አይቻልም፣ የሚያስፈልገው ይሟላለታል ይላል አሉ። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን እናንተ ከጠረጴዛው ወዲህ የምትቀመጡ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛም በዚያን ጊዜ መልካም መመሪያ ነበረን። ሕፃን ሁሉ ይላል። ያልተጻፈውን የጨመርንበት እኛው ነን፤ እኔ በተለይ፣ መዝገቤ ንጹሕ እንዲሆን። ከወረቀቱ በፊት ከወንበራችሁ ተነሱና በሩ ላይ የቆመችውን እናት ጠይቋት።

ከዚያች ዓርብ በኋላ ያደረግኩት አንድ ነገር አለ። የምንመዘግባቸው ልጆች መዝገብ ነበረን፤ የምንመልሳቸው ግን አልነበረንም። አንድ ደብተር ገዝቼ ጀመርኩት፤ ስም፣ ሰፈር፣ ለምን እንደ ተመለሰ። ዳይሬክተሩ «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» አለኝ። «ሄጄ እንድፈልጋቸው» አልኩት።

ደብተሩን በከፈትኩበት ቀን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የመለስኳቸውን ለማስታወስ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥኩ። አንድ ብቻ መጣልኝ። ቢጫ ቦቲ ያደረገ ልጅ፤ እጁን አንሳ ስለው ከንፈሬን ትኩር ብሎ እያየ ዝም ያለኝ። እንቢተኛ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው አይሰማም ነበር ይሆናል።

ስሙን አላውቅም። በመጀመሪያው መስመር ላይ ቁጥር አንድን ጻፍኩና ቦታውን ባዶ ተውኩት። ጡረታ ስወጣ ደብተሩን ለተተኪዬ አስረከብኩ፤ መስመሩ ያኔም ባዶ ነበር።